እናቴ የተረጎመችው ፊልም

እናቴ የማታውቀው ቋንቋ የለም ብዬ አምን ነበር።

እንዲያ ለማመን ምክንያት ነበረኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤታችን አዳራሽ መስኮቶች በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናሉ፤ መድረኩ ላይ ነጭ አንሶላ ይወጠራል፤ ፕሮጀክተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መንጣጣት ይጀምራል። እናቴ ከአንሶላው ጎን ትቆማለች። ፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ ሲናገሩ እሷ በእኛ ቋንቋ ከኋላ ከኋላቸው ትከተላለች። ሴቲቱ ስታለቅስ የእናቴም ድምፅ ይሰባበራል፤ ወታደሩ ሲቆጣ ይጎረንናል፤ ሕፃን ሲመጣ ደግሞ ይኮላተፋል። አንድ ሳምንት ፊልሙ በረዶ ካለበት አገር ይመጣል፣ በሚቀጥለው ከደሴት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አሸዋ ብቻ ከሆነ ቦታ። ለእሷ ሁሉም ያው ነው። አንድም ቀን ስትደናቀፍ አይቻት አላውቅም።

ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበረች፤ የኔ ክፍልም አስተማሪ እሷው ናት። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ በር ወዲያ “እማዬ” ማለት ክልክል ነው፤ እንደማንኛውም ልጅ “ቲቸር” እላታለሁ። ፊልሞቹ በክብ ቆርቆሮ ታሽገው ከአንድ የባህል ማዕከል በአውቶብስ ይላኩላታል። ዳይሬክተሩ ነገሩን የፈቀደላት እያቅማማ ነው። ቀጭን፣ ጠንቃቃ፣ የወላጅ ወቀሳ እንደ እሳት የሚፈራ ሰው ነበር።

“መምህርት፣ የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል” ብሏት ነበር። “እርስዎ ደግሞ ልጆቹን አስናፍቀው ሊያስኮበልሉብን ነው።”

“ለናፍቆት አይደለም፤ እንዲያውቁት ነው” አለችው።

“እንግዲያው ከየፊልሙ አንድ ምክር ይውጣ። ምክር ከሌለው ወላጅ ይነሳብኛል።”

ምክር ይወጣ ነበር። መጨረሻ ላይ ሌባው ይጸጸታል፣ ሰካራሙ መጠጡን እርግፍ አድርጎ ይተዋል፣ ወላጁን ያልሰማ ልጅ የእጁን ያገኛል። የየትኛውም አገር ሰው በስተመጨረሻ የኛ ዳይሬክተር የሚለውን ማለቱ ይገርመኝ ነበር።

የምንኖረው አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ውስጥ፣ ምድር ቤቱ ላይ ነው። የፊቱ ክፍል የአባቴ ራዲዮ መጠገኛ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ራዲዮኖች ተደርድረው ይውላሉ፣ የቀለጠ እርሳስ ሽታ ከመጋረጃው አልፎ አልጋችን ድረስ ይመጣል። ላይኛው ፎቅ ብዙ ጊዜ ባዶውን ከርሞ በዚያ ዓመት ወንዙ ላይ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ከነሚስቱና ከነልጁ ተከራየው። ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ስማቸው ምላስ ላይ አልገጥም ስላለን ሴትዮዋን “የላይኛዋ” አልናት። ረጅም ሴት ናት፤ ድምጿ ደግሞ ከቁመቷ ይበልጣል። ልጇ የኔ ክፍል ገባች፣ ያውም አጠገቤ ተቀመጠች።

እነዚህ ሰዎች ሲጣሉ ነው የሚውሉት። ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የገባኝ። ጠዋት ገና ዓይናቸውን ሲገልጡ ጩኸቱ በጣሪያችን በኩል ይወርዳል።

“ደግሞ ጀመሩ” ይላል አባቴ፣ ዓይኑን ከራዲዮው ሳያነሳ።

ከጩኸቱ ቀጥሎ ግን ብዙ ጊዜ ሳቅ ይሰማል። ያልገባኝ ይሄ ነበር። ተጣልተው ወዲያው የሚስቁ ሰዎች ያስፈሩኛል። ቂመኛ ይሻላል፤ ቢያንስ የት እንደቆመ ይታወቃል እል ነበር በልቤ።

አንድ ሐሙስ የመጣው ፊልም የአንድ ሽማግሌና የሴት ልጁ ነበር። ቤታቸው ከድንጋይ የተሠራ፣ ከባሕር ጋር ፊት ለፊት የተፋጠጠ ነው። ልጅቷ ሻንጣ ታዘጋጃለች። ሽማግሌው ከክፍል ክፍል እየተከተለ ይጮኽባታል። ሻይ ስታቀርብለት በእጁ መትቶ ስኒውን ይደፋዋል። ባቡር ጣቢያ ድረስ ይሸኛታል፤ ግን ባቡሩ ሳይነሳ ጀርባውን ይሰጣትና የጣቢያውን ግድግዳ እየዳበሰ ይሄዳል። አንድ ጊዜ እንኳን ዞር አይልም። በዚሁ ፊልሙ ያልቃል።

እናቴ እንደዚያ ቀን አድርጋ ተርጉማ አታውቅም።

“ከቤቴ ውጪ” አለች በሽማግሌው ድምፅ። ወዲያው በልጅቷ ድምፅ፣ “ለመማር ነው አባባ፤ ተምሬ እመለሳለሁ” አለች።

“ከዚህ በር ከወጣሽ መመለስ የለም። ሞታለች ብዬ እቀመጣለሁ። አንቺም አባት የለሽም፣ እኔም ልጅ የለኝም።”

የሁልጊዜ ረባሾቹ እንኳን ትንፋሻቸውን ዋጡ። ሽማግሌው ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ እናቴ ትናገርለት ነበር። ጣቢያው ላይ ጀርባውን ሰጥቶ፣ አፉ ጨርሶ በማይታይበት ጊዜ፣ “ዓይንሽን እንዳላይ” አለ። ከዚያ አንሶላው ነጭ ሆነ። እናቴ በብርሃኑ ውስጥ ቆማ ቀረች፤ ምክሩን ረሳችው።

ፊልሙ መሐል ላይ ነበር የላይኛዋ ልጅ በክርኗ ጎሸም ያደረገችኝ። ገና ቋንቋችንን አታውቅም፤ አፏን የፈታችው በልብስና በቤት ዕቃ ስም ነው።

“ካልሲ” አለችኝ በሹክሹክታ፣ ሳቋን አፍና።

ዝቅ ብዬ ካልሲዬን አየሁ። ተረከዙ ላይ ተቀዶ ነበር። በዚያ ጨለማ እንዴት እንዳየችው እንጃ።

“ካልሲ፣ ካልሲ” አለች ደግማ፣ በጣቷ ወደ አንሶላው እያመለከተች። ተነስታ ለሰው ሁሉ ልታውጅብኝ መሰለኝ። እግሬን አጥፌ ከወንበሩ ሥር ደበቅሁ፤ ፊቴ እሳት ሆነ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በሆዴ “ካልሲ” እያልኩ ጠራኋት። ዛሬ ድረስ በሌላ ስም አስቤያት አላውቅም።

ማታ ለአባቴ ፊልሙን ከነድምፁ ተረክሁለት። ትረካ ሲያዳምጥ ብየዳውን አያቆምም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አቆመ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለስን በራችን ተንኳኳ። የላይኛዋ ናት፣ ካልሲን እጇን ይዛ። ገና ሳትገባ ጀመረች። ትጮኻለች፣ እጇን ታወናጭፋለች፣ ደረቷን ትመታለች፣ ወደ ላይ ወደ ቤቷ ታመለክታለች። ካልሲ ከታች ሆና ቃል ትለቅማለች፤ “እናት... ፊልም... የኛ አገር።” የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። “እሺ፣ እሺ” ብላ በሩን በሁለት እጇ ዘጋችው። እኔ መጋረጃው ኋላ ጆሮዬን ቀስሬ ቆሜያለሁ።

“አለቀልኝ፤ የአገሯ ፊልም ነው” አለች ለአባቴ፣ ራዲዮኖቹ መሐል ባለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ። “ልጅቷ ሁሉንም ነግራታለች።”

“አንድ ቀን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይመጣል ብዬሽ ነበር።”

“ዳይሬክተሩ ጋ ብትሄድስ?”

“ትሄድ ይሆናል፣ ላትሄድም ትችላለች። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ልጃችን ትናንት ታሪኩን ስትነግረኝ ማንን እንደምሰማ ጠፍቶኝ መሰለሽ? ሽማግሌው እኮ አባትሽ ነው።”

“ነው” አለች እናቴ። “እሱ ነው።”

የእናቴ አባት “ሩቅ ነው ያለው” ከመባል በቀር ስለ እሱ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም፤ ፎቶግራፉ እንኳን ቤታችን የለም። አሁን ነገሩ ሁሉ ቁልጭ አለልኝ። አያቴ በሰው አገር የፊልም ተዋናይ ነው። የላይኛዋም ያንን ስላወቀች ነው በራችንን ያንኳኳችው። ይህ ለምን ምስጢር እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን ደረቴ ተነፋ። የዚያን ምሽት መስታወት ፊት ቆሜ ጆሮዬን አየሁ፤ ቁርጥ የሽማግሌው ጆሮ ነው።

እናቴ ዛሬ ጡረታ ወጥታለች፤ ስለዚያ ጊዜ ስጠይቃት አትደብቀኝም። ከዚያ ሁሉ ቋንቋ አንዱንም አታውቅም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ታሪካቸው በአጭሩ ተጽፎ አብሮ ይላክላት ነበር፤ በኋላ ወረቀቱ መምጣቱ ቆመ። ዳይሬክተሩን ለምና አስፈቅዳ፣ ጥቁሩን ጨርቅ በእጇ ሰፍታ፣ ልጆቹ ሐሙስን በጉጉት መጠበቅ ከለመዱ በኋላ፣ “አልችልም” ማለት አቃታት። “የሰው ፊት ማንበብ ማንን ያቅታል ብዬ ነው የጀመርኩት” ትለኛለች። አባቷ ደግሞ ባለ ወፍጮ ነበር። መምህራን ማሠልጠኛ ልግባ ስትለው፣ ከሄድሽ አትመለሺ አላት። እሷም ሄደች፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ አልተመለሰችም። ይህን ሁሉ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የነበረኝ ተዋናይ አያት ብቻ ነው።

ቅዳሜ እናቴ ፀጉሯን አበጥራ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ “ላይ ቤት ሰላም ልበላቸው” ብላ ወጣች። አባቴ የጠገነውን ራዲዮ ሊያደርስ ሄዷል። ብቻዬን ቀረሁ።

መጀመሪያ ፀጥታ ነበር። ቀጥሎ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ከዚያ የላይኛዋ ጩኸት፣ ከዚያ የእግር ኮቴ ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከዚያ የእናቴ ድምፅ እንደ መለመን ያለ። አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ከጣሪያው ላይ አቧራ ራዲዮኖቹ ላይ ረገፈ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እናቴ ሻንጣ ይዛ ክፍሉ መሐል ቆማለች፤ ፊቷ ላይ እንባ አለ። የላይኛዋ የባሏን ባርኔጣ እስከ ቅንድቧ ድረስ ደፍታ ፊቷ ላይ ትጮኻለች። እግራቸው ሥር የተሰበረ ስኒ ተበትኗል። እናቴን እያባረሯት ነው። ከየት ወዴት እንደሚያባርሯት አልጠየቅሁም፤ ዘልዬ ገባሁና የሴትዮዋን እግር አቅፌ ጉልበቷን ነከስኳት።

ሁሉም ነገር ቆመ። ከጥጉ ብቻ “ቱ... ቱ...” የሚል ድምፅ መጣ። ካልሲ ናት፤ ሁለት ወንበር አንዱን ካንዱ ኋላ ደርድራ፣ ጀርባዋን ለኛ ሰጥታ ተቀምጣ ታፏጫለች። ባቡሩ እሷ ነበረች፤ ተራዋ የደረሰ መስሏት ነው።

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ሻንጣውን ጥላ ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች። የላይኛዋም ጉልበቷን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ሳቋ አላቆም አላት። ሁለቱም ያበዱ መሰለኝ፤ ያኔ ነው እኔ ማልቀስ የጀመርኩት።

“ነይ” አለችኝ እናቴ፣ ዓይኗን እየጠረገች። “ማንም አልነካኝም። እየተማርኩ ነው።”

“ምን?”

“ፊልሙን። በቋንቋ መግባባት ስላልቻልን በእግርና በእጅ እያስረዳችኝ ነው። ወጣት ሳለች አይታዋለች። እዚህ መምጣቱን ልጇ ስትነግራት ደስ ብሏት፣ እኔም ልየው ልትለኝ ነበር የመጣችው። የመጣችው ልትከሰኝ አልነበረም።”

የላይኛዋ ጉልበቷን አሳየችኝ፤ የሁለት ጥርስ ምልክት አለ። ትከሻዋን ነቀነቀችና ብስኩት ሰጠችኝ።

ከዚያ ጠረጴዛው ጋ ተሰበሰብን። ወረቀትና ከሰል አመጣች። ከማግባቷ በፊት በአገሯ ለልጆች ሥዕል ታስተምር እንደነበር በኋላ ነው ያወቅነው፤ ከሰሉ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ግን ያስታውቅ ነበር። አንድ ዓይን ሳለች። ሽፋሽፍቱ፣ ብሌኑ፣ ሁሉ ነገሩ ያለው ዓይን። እናቴን አየቻትና በአውራ ጣቷ ቀስ እያለች አሸችው፤ ዓይኑ ጠቁሮ ጠፋ። ከዚያ ባርኔጣውን አነሳችና ሥዕሉ ላይ አስቀመጠችው።

እናቴ አንገቷን ደፍታ ቆየች። የላይኛዋ ያልገባት መስሏት ብድግ አለች። ዓይኗን ጨፍና እጇን ወደ ጠረጴዛው ሰደደች፤ ብስኩቱ ያለበትን ሳህን መታችው። ከዚያ ግድግዳውን እየዳበሰች እስከ በሩ ሄደች፣ ልክ እንደ ሽማግሌው።

“አያይም” አለች እናቴ። ለማንም አልነበረም የምትናገረው። “ስኒውን ተቆጥቶ አይደለም የደፋው። አላየውም።”

የላይኛዋ ቃሉ ባይገባትም ድምፁ ገባት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ካልሲ ባቡር አመለከተች።

“እንዳታውቅበት ነው” አለች እናቴ። “ካወቀች ጥላው አትሄድም። ለዚያ ነው ጀርባውን የሰጣት።” ከዚያ ቀና ብላ፣ “ታዲያ ምን እያለ ነበር የሚጮኸው?” አለች፤ ጥያቄውንም በእጇ አደረገችው፤ አፏን ከፈተች፣ ጣቷን ከአፏ አወጣች፣ እጇን ዘረጋች።

ካልሲ ከወንበሯ ዘላ ወረደች። ይህን ጥያቄ ሁለት ቀን ሙሉ ስትጠብቅ የከረመች ትመስል ነበር። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ጠረጴዛው ላይ ሰቀለችና ወፍራም የሱፍ ካልሲዋን በሁለት እጇ ጎተተች።

“ካልሲ” አለች። “ካልሲ። ብርድ።”

ሽማግሌው ከክፍል ክፍል እየተከተለ ሲጮኽ የነበረው፣ የሱፍ ካልሲሽን እንዳትረሺ፣ እዚያ ይበርዳል እያለ ነበር። ያ ሁሉ ጩኸት ስለ ካልሲና ስለ ብርድ ልብስ ነው። በነሱ አገር ሰው እንደዚያ ነው የሚያወራው፤ ጠዋት ጠዋት በጣሪያችን በኩል የሚወርደውም “ወተቱ ገነፈለ”፣ “ፀጉርሽን ላበጥርልሽ” ነበር።

እናቴ አለቀሰች፤ አሁን ለማስመሰል አልነበረም። የላይኛዋ ምን እንዳጠፋች ግራ ገብቷት ጀርባዋን ታሻት ነበር። እኔ ግን ገብቶኛል ብዬ ነበር። አያቴ ዓይኑ ጠፍቷል፤ እናቴ ይህን ዛሬ ነው ያወቀችው። የአባት ዓይን ጠፍቶ ማን አያለቅስም? እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ካልሲ የተገመሰ ብስኩቷን እጄ ውስጥ አደረገችልኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ለዚያው ፊልም አንሶላው እንደገና ተወጠረ። እናቴ ራሷ ሄዳ ዳይሬክተሩን ጠርታው ከፊት ተቀምጧል፤ የላይኛዋና ካልሲ ከጎኑ ናቸው። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት እናቴ መድረኩ ላይ ወጣች። እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ያጣች ትመስል ነበር።

“ባለፈው የነገርኳችሁ የፊልሙ ታሪክ አይደለም” አለች። “የራሴ ነው። ቋንቋውን አላውቀውም።”

ዳይሬክተሩ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

“ቲቸር፣ የበረዶው አገርስ?”

“እሱንም አላውቀውም።”

“ሌባው አልተጸጸተም ማለት ነው?”

“ተጸጽቶ ሊሆን ይችላል። እኔ የማውቀው ነገር የለም።”

አዳራሹ ጉም ጉም አለ። ሌባው መጸጸቱን አምኖ ለሳምንታት የከረመ ሁሉ የተካደ መሰለው። እናቴ ጉምጉምታው እስኪበርድ ጠበቀች። “ዛሬ ምንም አልናገርም። ድምፁን ተዉት፤ ሽማግሌው የሚነካውን ነገር ሁሉ እዩ” አለችና ወርዳ እኛ መሐል አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

አየን። መጀመሪያ ዝም ብለን፣ ቀጥሎ እየተንሾካሾክን።

“በሩን ሁለቴ ሳተው” አለ አንዱ።

“ሻንጣውን በእግሩ ነው የሚፈልገው።”

ስኒው ሲደፋ አንዲት ልጅ፣ “ቲቸር፣ አያይም እንዴ?” አለች። ያ ጥያቄ ከአግዳሚ አግዳሚ ሲተላለፍ ይሰማኝ ነበር። ጣቢያው ላይ ሲደርስ የሚያስነጥስ እንኳን አልነበረም። እኔ ወደ ካልሲ ጠጋ ብዬ ምስጢሬን ነገርኳት፤ “አያቴ ነው” አልኳት። የገባት ይመስል ራሷን ነቀነቀች።

መብራት ሲበራ የላይኛዋ ተነስታ በዚያ ድምጿ ታሪኩን ተናገረች፤ ካልሲና እናቴ ቃል ከቃል እየተጋገዙ አቀበሉን። የካልሲው ነገር ሲመጣ ሳቅ ተነሳ። ከሳቁ በኋላ አንድ ልጅ፣ “የኔም አባት እኮ እንደዚያ ነው የሚጮኸው” አለ።

ዳይሬክተሩ እናቴን ቢሮው አስጠርቶ በሩን ዘጋ። የሆነውን አባቴ ነው በኋላ የነገረኝ። “ይህን ሁሉ ጊዜ እኔንም አታለሉኝ” አላት። “አዎ” አለችው። ማስጠንቀቂያ ሰጣት፤ ተቀበለች። ከዚያ፣ “ከእንግዲህ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር ፊልም የሚባል ነገር የለም” አለ። ነገሩን ያዳፈነው መስሎት ነበር፤ በኛ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል ብሎ። እናቴ ግን ሰው እንድንፈልግ እኛን አሰማራችን። ቀለም የሚሸጠው ሽማግሌ ድሮ መርከበኛ ነበር፤ የሁለት ወደብ ቋንቋ ይችላል። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚስት በሰው አገር ነው ያደገችው። ጎማ የሚጠግኑት ወንድማማቾች እርስ በርሳቸው የሚያወሩት ቋንቋ የደሴቱ ፊልም ቋንቋ ሆኖ ተገኘ፤ ለዓመታት በአጠገባቸው ስናልፍ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ሐሙስ ሲደርስ መጀመሪያ ፊልሙን ዝም ብለን አይተን እንገምታለን፣ ቀጥሎ እንግዳው የተባለውን ይነግረናል። አብዛኛውን ጊዜ ተሳስተን እንገኛለን፤ ደስ የሚለንም እሱ ነበር። ምክር የሚባለው ብቻ ጠፋ፤ ዳይሬክተሩ ሲያማርር ከረመ።

ትምህርት ቤት የተዘጋ ሰሞን እናቴ፣ “አያትሽ ጋ እንሄዳለን” አለችኝ።

ባቡር ጠበቅሁ። ባሕር ጠበቅሁ። ዓይነ ስውሩን አያቴን እጁን ይዤ የምመራበትን መንገድ ሁሉ በሐሳቤ አዘጋጀሁ። የተሳፈርነው ግን እንደማንኛውም ቀን አቧራማ አውቶብስ ላይ ነው። አባቴ ለአያቴ የጠገነውን ራዲዮ በጨርቅ ጠቅልሎ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝና ከመስኮቱ በታች ቆሞ፣ “እናትሽን አደራ” አለኝ። ጎህ ሳይቀድ ተነስተን ፀሐይ ሳትጠነክር ደረስን። “ሩቅ” የተባለው አገር ይኸው ነው። እንቅልፍ እንኳን አልወሰደኝም።

እናቴ መንገዱን ሳትጠይቅ መራችኝ። አንድ ወፍጮ ቤት ጋ ስንደርስ ቆመች። በሩ ላይ አንድ አጭር ሰው ቆሟል፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ። ገና ከሩቅ አይቶን ነበር፤ አንገቱን አስግጎ ሲያስተውለን ተመለከትኩት። ዓይኑ ደህና ነው። ጆሮውም የኔን አይመስልም።

“እማዬ፣ እሱ አይደለም” አልኳት ቀሚሷን ጎትቼ።

“እሱ ነው” አለች።

እናቴ የዚያን ቀን ምን ተስፋ አድርጋ እንደሄደች ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። እንደ ፊልሙ ሽማግሌ የደበቀው ነገር ይኖራል ብላ እንደሆነ። “አይ” ትለኛለች። “እሱ በእርግጥ ተቆጥቶ ነበር። ‘ውጪ’ ያለኝም ‘ውጪ’ ማለቱ ነው። ግን አንዱን ሽማግሌ እንደዚያ ከተሳሳትኩት፣ ሌላውን አንድ ጊዜ ደግሜ ባየው ምን አለበት ብዬ ነው።” እሱም እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ሽማግሌው መጀመሪያ እናቴን አየ፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ በእቅፌ ያለውን ጥቅል። እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገ፤ ጣቱን አንድ በአንድ። ከኋላው ወፍጮው ያጓራል።

“ዘገየሽ” አላት፣ ከወፍጮው በላይ እየጮኸ።

እኔ ተናደድኩ። በጨለማ ነው የተነሳነው፣ ፊታችንን እንኳን በቅጡ ሳንታጠብ፤ መንገዱ ዳር ያለው ሣር ላይ ጤዛው ገና አልደረቀም፤ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አንድም ደንበኛ አልመጣም።

“አልዘገየንም” አልኩት፣ እኔም እየጮኽኩ።

ጎንበስ ብሎ ፊቴን አየው።

“አንቺ አልዘገየሽም” አለኝ። “ግቡ።”

ከዚያ ቀድሞን ገባና ወፍጮውን አጠፋው።